የመሪጌታ ወልደአረጋይ ዘቢብ

የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ ከዞረ ወዲህ በአንኮበር የቀረው ኩራት ሁሉ መሪጌታ ወልደአረጋይ ላይ ተጠራቅሞ ነበር። ለሰው ሲሉ ከበቅሎ ወርደው አያውቁም። ለቤተ ክርስቲያን ግን ወርደው ይሰግዳሉ፤ በአጠገቡ ለሚያልፉት ብቻ ሳይሆን፣ ከማዶ ተራራ ክዳኑ ብቅ ላለውም ጭምር። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር በሚያወጣው ዳገት ደግሞ በየጉብታው አንድ ደብር ይታያል። ዓይን የማይጠግበው አገር ነው ይባላል፤ ለበቅሎ ነጂው ለዓብዱ ግን መንገዱ የማያልቅ አገር ነበር።

የዚያን ቀን ጉዳያቸው ቀልድ አልነበረም። ነገ የደብራቸው ንግሥ ነው፤ የቅዳሴው ዘቢብ ግን አልቋል። ዘቢብ ከሌለ ወይን የለም፤ ወይን ከሌለ ቅዳሴ የለም። «እኔ እያለሁ!» ብለው ደረታቸውን ነፍተው ወደ አልዩ አምባ ገበያ የወረዱት እሳቸው ናቸው።

ዘቢቡን በከረጢት ገዝተው ዳገቱን ሲመለሱ፣ «ሲሰግዱ ከረጢቱን ልያዝልዎ፣ መሪጌታ?» አለ ዓብዱ።

«የመሥዋዕት ነገር በእስላም እጅ አይነካም!»

ዘቢቡን ከሐረር ድረስ በግመል ያመጡት እስላሞች ነበሩ። ቅድስናው የጀመረው መሪጌታ የከረጢቱን አፍ ካሰሩ በኋላ መሆን አለበት።

መጀመሪያ አንዲት ሰስ ከገደሉ ዘላ ወጥታ በቅሎዋን አስደነበረች። ቀጥሎ የጅግራ መንጋ ከእግራቸው ሥር ቱር አለ። መሪጌታ ሁለቱንም ጊዜ ሰይጣንን ገሠጹ። ከዚያ ማዶ አንድ ደብር አዩና ወረዱ፤ ከረጢቱን ኮርቻው ላይ አንጠልጥለው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። ቀና ሲሉ አንድ ጋማው የተንዠረገገ ዝንጀሮ ከረጢቱን መንትፎ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጧል።

መሪጌታ ጮኹ፤ ገዘቱት። ዝንጀሮው ግዝት አይፈራም፤ ቋጠሮውን በጥርሱ ይፈታ ጀመር። ዓብዱ በወንጭፍ አንድ ድንጋይ ለቀቀበት። አውሬው ሲሸሽ ከረጢቱ ወድቆ ገደሉ ውስጥ ካለ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠለጠለ። እዚያ መውረድ ለመሪጌታ ጉልበት የሚሆን አይደለም።

«ላምጣው ወይስ ይቅር?» አለ ዓብዱ።

መሪጌታ አጎንብሰው ገደሉን ተመለከቱ። ሕዝቡ ለንግሥ መጥቶ ያለ ቅዳሴ ሲመለስ ታያቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጥምጥማቸውን ፈቱና ሰጡት።

«እጅህን በዚህ ጠቅልለህ ያዘው።»

«የዝንጀሮውስ እጅ ተጠምቆ ኖሯል?» አለ ዓብዱ፤ ግን ጠቅልሎ ወረደ።

ቅዳሴው ተቀደሰ።

በዓመቱ፣ በዚያው ዳገት፣ መሪጌታ ከበቅሎ ወርደው ከረጢቱን ለዓብዱ ዘረጉለት። እሱም እጁን በኩታው ሊጠቀልል ጀመረ።

«ጨርቁን ተወው። ያዝልኝ» አሉት፤ ረጋ ብለውም ሰገዱ።

አንኮበር ሲደርሱ ግን ይህን ለማንም አልተነፈሱም፤ ያን ያህልስ አልተለወጡም።