እትዬ ዝምታ እና የመሐላ መጻሕፍቱ ልብስ

አክስቴን ፍርድ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ዳኛውም፣ ጠበቃውም፣ የበር ጠባቂውም «እትዬ ዝምታ» ነበር የሚሏት። ችሎት ሲጀመር በሩ አጠገብ ቆማ «ዝምታ» እያለች ታዳሚውን ጸጥ የምታሰኘው እሷ ስለነበረች ነው። አንድ ቤት ለምኖረው ለእኔ ግን ይህ ስም ቀልድ ነው። አክስቴ ቤት ከገባች አፏ አይዘጋም። ጫማዋን ሳታወልቅ ወሬ ትጀምራለች፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶም እሷ ታሪኩን ሳትጨርስ አትተኛም። አንድ ቀን መሮኝ፣ እዚያ ከምታስከብሪው ዝምታ ትንሽ ለእኛም ይዘሽልን ብትመጪ ምናለ ብላት፣ ቀኑን ሙሉ አምቄ የዋልኩትን የት ልጣለው ታዲያ አለችኝ።

እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ለእሷ አድልተሻል ብትሉኝ አልከራከርም፤ አድልቻለሁ።

ሥራዋ ችሎት አስጠሪነት ነበር። ባለጉዳይ ትጠራ፣ ስልኩ የጮኸበትን ታስወጣ፣ ከሁሉም በላይ ግን ምስክር ታስምል ነበር። ከዳኛው ወንበር ጀርባ ባለች ትንሽ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ሦስት ቅዱሳን መጻሕፍት አሉ። በመጽሐፍ የማይምል ሰው ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ይገባል። መጻሕፍቱ የየትኛው እምነት እንደሆኑ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ አክስቴ በዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬን ትቆነጥጠኛለች፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ። እሷ እነዚያን መጻሕፍት ለመንካት እጇን በሳሙና ትታጠብ ነበር። አንዱን አስቀምጣ ሌላውን ከማንሳቷ በፊት እንደገና ትታጠብ ነበር። በዚህ የተነሳ ጣቶቿ ሁልጊዜ የተሰነጣጠቁ ነበሩ፤ ቅባት የማልገዛላት ጊዜ አልነበረም። ሰው ነፍሱን ያስቀመጠበት ነገር እኮ ነው ትለኝ ነበር ስቆጣት።

ሥራ በጀመረች ሰሞን የሠራችው ጉድ አለ። ያኔ ማንንም አትጠይቅም ነበር፤ የሰውየውን አለባበስ አይታ፣ በቃ ይሄ የእነ እገሌ ወገን ነው ብላ መጽሐፍ ትሰጣለች። በዚህም ትኮራ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጨዋ ሽማግሌ ለምስክርነት ቀረቡ። አየት አደረገቻቸውና መጽሐፉን ዘረጋችላቸው። እሳቸውም እጃቸውን ጭነው ማሉ፤ መሰከሩ፤ ጨረሱ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው፣ ልጄ አታስቀይሚኝ፣ መጽሐፉ የእኔ አይደለም፣ ግን አክብረሽ ስታቀርቢልኝ አይሆንም ማለት ነውር መስሎኝ ነው አሏት። በይሉኝታ የሰው መሐላ ማሉ እንግዲህ። አክስቴ ለዳኛው ተናገረች፤ የዕለቱ ምስክርነት ሁሉ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሰማ። ጠበቆቹ እስካሁን ይስቁባታል። እሷ ግን በዚያ ቀን አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አበጀች። ችሎት ከመጀመሩ በፊት ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ከእያንዳንዱ ምስክር አጠገብ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ትራንስፖርቱ ትንሽ አውርታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የቱን ልያዝልዎ?» ትላለች። ሰውየውም በጆሮዋ ይነግራታል። ለዓመታት እንዲህ ሠራች።

ታዲያ አዲስ ዳኛ መጣ። ወጣት ነው፣ ቀልጠፍ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። በመጣ በሳምንቱ ይህን ልማድ ከለከለ። የችሎት ሠራተኛ ቃሉን ካልሰጠ ምስክር ጋር ጥግ ይዞ ሲንሾካሾክ ያየ ባለጉዳይ ምን ይላል አላት። እውነቱን ነው እኮ፤ እሷም እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች፤ ይህ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ያን ቀን ቤት ገብታ የድስት ክዳን ሁሉ አንኳኳች። በሰው ፊት «ሃይማኖትህ ምንድን ነው» ብዬ ልጩህ? አለችኝ፣ ከልካይዋ እኔ የሆንኩ ይመስል። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የክፍሌ መስኮት ራቁቱን ቀርቷል። ወፍራሙን ቡናማ መጋረጃዬን ቀድዳ ለሦስቱ መጻሕፍት አንድ ዓይነት ልብስ እየሰፋች ነው።

ጨርቁ ጥሩ ስለሆነ ነው አለችኝ፤ አድናቆት መሆኑ ነው። ለአንድ ወር ጎረቤት እያየኝ ልብስ ቀየርኩ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሦስቱን መጻሕፍት በትሪ ላይ ይዛ ምስክሩ ፊት ትቆማለች፣ ጀርባዋን ለታዳሚው ሰጥታ። አክስቴ ደግሞ ሰፊ ናት፣ ፈጣሪ ይባርካትና፤ ከኋላዋ ያለ ሰው የሚያየው እሷን ብቻ ነው። የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ገጽ ገልጣ ታሳየዋለች። ሰውየው የራሱን በጣቱ ይጠቁማል። እሷ ልብሱን መልሳ ታለብሰዋለች፤ ከዚያ ያንኑ ከፍ አድርጋ ትይዝለትና እጁን ጭኖ ይምላል። ዳኛው አየና አልከለከላትም። ሁሉም ሰላም ሆነ።

እስከ ቀለም ቀቢው ጉዳይ ድረስ።

ያን ጠዋት መነጽሯን ቤት ረስታ ስለሄደች ይዤላት ሄጄ ነበር። የሚሰማው የእሳት ጉዳይ ነው። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቃጥሏል፤ የቤቱ ጥበቃ በማለዳ ብርድ እሳት አንድዶ ሲሞቅ እንቅልፍ ጥሎት ነው ተብሎ ታስሯል። ከስቶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት የተከሳሽ ቦታ ቆሟል። እሳቱ ከየት እንደተነሳ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ መሰላል ላይ ሆኖ ፎቅ ሲቀባ የነበረ ቀለም ቀቢ። እሱ ያየው ከጣሪያው ሥር የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲፈነጥቅ ነው። ያንን ሽቦ የዘረጋው ደግሞ የሥራ ቤቱ ባለቤት ራሱ ነበር። ባለቤቱ ማን ነው ብትሉ፣ የቀለም ቀቢው አጎት፣ የአባቱ ታላቅ ወንድም።

ኮሪደሩ ላይ አክስቴን እየጠበቅሁ ሳለ አጎትየው ከእኔ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ከዘመድ አዝማዱ ጋር ተቀምጦ ነበር። ልጁ የአባቶቹን እምነት ትቶ ሌላ ይዟል የሚል ወሬ ከደረሰው ቆይቷል። ድምፁንም አልቀነሰም። ዛሬ ይለይለታል አለ። የእኛን መጽሐፍ ከነካ በማያምንበት የማለ ውሸታም ነው፣ ለዐቃቤ ሕጉ ነግሬዋለሁ፤ ሌላውን ከነካ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ደጃችንን አይረግጥም። ከዚያ አጠገቡ ወደተቀመጠው ወንድሙ ዞረ። «አንተም ልጄ ነው ብለህ እንዳታሳፍረን» አለው።

የልጁ አባት ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ሲያዞሩ ቆዩ። «ዓይኔ ካየ ልጄ አይደለም» አሉ በመጨረሻ።

ቀለም ቀቢው በሩ አጠገብ ቆሞ ይህን ሁሉ ሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ። ዞር ብሎ ወደ ደረጃው ሲያይ ሊሄድ ነው ብዬ ነበር። ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም፤ ግን ጥበቃው ያለምስክር መቅረቱ ነው። አልሄደም። አክስቴ ስሙን ስትጠራ ገባ። አክስቴም የአጎትየውን ንግግር በበሩ ሰምታ ኖሮ፣ መነጽሯን ከእጄ ነጥቃ ዓይኗ ላይ አደረገች።

ምስክሩ ፊት እንደወትሮው ቆመች። ሦስቱን ገለጠች። ልጁ ጠቆመ። መልሳ አለበሰችው፣ ያዘችለት፣ እሱም እጁን ጭኖ ከእውነት በቀር ላይናገር ማለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጥነው ከአክስቴ ጀርባ በቀር ያየነው ነገር የለም። አጎትየው አንገቱን ቢያሰግግ፣ ቢያሰግግ፣ አልሆነለትም።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። የዚህ ምስክር ተአማኒነት ያጠራጥራል፣ በየትኛው መጽሐፍ እንደማለ በግልጽ ይታወቅልን አለ። ዳኛው ትንሽ አሰበና ወደ አክስቴ ዞረ።

«እትዬ፣ ልብሱን ይግለጡት» አላት።

አክስቴ አልገለጠችውም። መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስጠግታ በሁለት እጇ አቀፈችው። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወር ቀርቷታል። የዳኛ ትእዛዝ አልፈጽምም ማለት ምን እንደሚያስከትል ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት ናት፤ ስንቱን በገዛ እጇ አስወጥታለች። እባክሽ ግለጪውና እንሂድ እያልኩ ነበር በልቤ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ አልችልም» አለች። ድምፅዋ ያ የምናውቀው የበሩ ድምፅ አልነበረም፤ ቅጥን ብሏል። «የነካውን እሱ ያውቃል። የማለለትም ያውቃል። እኔ እዚህ የቆምኩት ላስምለው ነው እንጂ ልቡን ከፍቼ ለዘመዶቹ ላሳይ አይደለም።»

ማንም ዝምታ ያላለው ዝምታ ወረደ። ዳኛው እሷን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ ታዳሚው መካከል አንገቱን አስግጎ የቀረውን አጎት አየ። አየት አድርጎ ሁሉም የገባው መሰለኝ። ብዕሩን አስቀመጠ።

«የነኩት የሚያምኑበትን ነው?» ብሎ ልጁን ጠየቀው።

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ዳኛውም ለዐቃቤ ሕጉ መለሰ፤ ሕጉ ምስክር በሚያምንበት እንዲምል ይጠይቃል፣ እምነቱ ምን እንደሆነ ለታዳሚ እንዲያስረዳ ግን አይጠይቅም፤ ትእዛዜን አንስቻለሁ፣ ይቀጥሉ አለ። አክስቴንም፣ እርስዎ ሁለተኛ እንዳይለምድዎት አላት፤ ቢሆንም የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረውም። ልጁ ስለ ሽቦው የሚያውቀውን አንድ በአንድ ተናገረ። ጥበቃው በዚያው ሰሞን በነጻ ተለቀቀ።

ችሎቱ ሲበተን እኔና አክስቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ሦስቱን መጻሕፍት ጭኗ ላይ ይዛ ነበር፣ ያኔ ነው ያየነው። ቀለም ቀቢው ከሥራ ላይ ተጠርቶ ስለመጣ የእጅጌው ጫፍ ላይ ያልደረቀ ቀለም ነበረበት፤ ሲምል የአንዱን መጽሐፍ ልብስ ነክቶታል። ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነጥብ፣ አንዱ ላይ ብቻ። አክስቴ ደንግጣ ሳል ያዛት። ቀና ስንል የልጁ አባት ከፊታችን ቆመዋል።

አክስቴ የአንገት ልብሷን ከአንገቷ መንጭቃ መጻሕፍቱ ላይ ጣለችው።

«አትቸኩይ እህቴ፣ አላይም» አሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እውነትም ወደ እኛ አላዩም። «እኔ እኮ ካወቅሁ ቆየሁ። እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ምሳ ይበላል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ወንድሜ ፊት ብትገልጪው ኖሮ ዛሬ ልጅ አልነበረኝም።» ከዚያ ኮፍያቸውን ደፉ። «ዓይኔ አላየም» አሉ።

አክስቴ ጋሼ ይቀመጡ እንጂ ብትላቸው አልተቀመጡም። ደረጃውን ሲወርዱ ልጃቸው ከታች በር ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ብቻ አብረው ነው የወጡት። አክስቴ አግዳሚው ላይ ሆና እንባዋ ወረደ፤ እኔም ተከተልኳት። እኛን ያየ ጠበቃ የተፈረደብን መስሎት አጽናናን።

የቅባት ቀለም በሳሙና አይለቅም። አክስቴ ሞከረችው፣ አልለቀቀም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቀለም ቀቢው ወደሚሠራበት ፎቅ ሄዳ፣ ከጣሳው ትንሽ በብሩሽ አስነክታ፣ በሌሎቹ ሁለት ልብሶች ላይም ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነጥብ አሳረፈች። ጡረታ ስትወጣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የተረከበችው ልጅ ይህ ምንድን ነው ብትላት፣ ማሳመሪያ ነው ብላታለች።

አሁን ቤት ትውላለች። የጎረቤቱን ጉዳይ፣ የገበያውን፣ የእኔን የልብስ ምርጫ ሳይቀር ሌት ተቀን ታወራለች። መጋረጃዬንም እስካሁን አልተካችልኝም። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥን፣ ዘና ብላ ሳለ፣ ለመሆኑ ያን ቀን ልጁ የቱን ነበር የነካው አልኳት። ቤታችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አክስቴ ዝም አለች። ሽንኩርቱን ላጠች፣ ከተፈች፣ ድስት ውስጥ ጨመረች፣ እጇንም ታጠበች። ከዚያ፣ እኒያ አባት ቤታቸውን ልጃቸው እየቀባላቸው ነው፣ መሰላሉን እሳቸው ይዘውለት አይቻቸዋለሁ ብላ ሌላ ወሬ ጀመረችልኝ።