የሹሙ ወንበርና የማላኪ በር

ማላኪ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ከመንደራችን ወንዶች የሹምነት ማዕረግ ያልተሰጣቸው እሱና ዶሮ ሲሰርቅ የሚያዘው ፔኒ ብቻ ነበሩ። ማዕረግ የሌለው ሰው እኛ ዘንድ ስብሰባ ላይ አይናገርም፤ ምግብ ያቀርባል፣ ሳህን ያነሳል፣ ሹማምንት ሲቀልዱ ይስቃል። ማላኪ ዕድሜውን ሙሉ ሲስቅ ኖሯል።

ሀብቱ አውቶቡሱ ነበር። በአሮጌ የጭነት መኪና አካል ላይ ከእንጨት ራሱ የሠራው፣ ብርቱካናማ ቀለም የቀባው፣ ከደሴታችን ከሳቫይ ምዕራብ ጫፍ እስከ ሳሌሎሎጋ ወደብ የሚያደርሰን። ሲሞላ አንዱ በሌላው ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ወጣቱ ለአዛውንት ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ማንም ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከሾፌሩ ጀርባ፣ በግራ በኩል ያለው ወንበር ግን የሹም ታጋላሲ ነው። እሳቸው በማይጓዙበት ቀን እንኳ ባዶውን ወደብ ደርሶ ይመለሳል። እኛ ኋላ ተደራርበን እናልባለን፣ የሹሙ ወንበር የባሕር ነፋስ ይቀበላል።

ሹም ታጋላሲ ለማላኪ ማዕረግ እንደሚሰጡት ቃል ገብተውለት ነበር። መቼ እንደሆነ አልተናገሩም። «ቤተሰቡ ይምከርበት» ይላሉ። ቤተሰቡ ሲመክር አሳማ ይታረዳል፤ አሳማው የማላኪ ነው።

እንዲህ እያለ መንግሥት መኪና በቀኝ መንዳት ቀርቶ በግራ ይሁን አለ። በግራ በሚነዳባት ኒውዚላንድ ያሉ ዘመዶቻችን ያረጁ መኪኖቻቸውን እንዲልኩልን ነው ተባለ። በአንድ ሰኞ ማለዳ አገሩ በሙሉ መንገድ ቀየረ። የማላኪ በር ግን በቀኝ እንደነበረ ቀረ፤ ተሳፋሪው የሚወርደው አስፋልቱ መሃል ሆነ። ሚስቱ ሉሴ በየፌርማታው ቀድማ እየወረደች፣ ፎጣ እያውለበለበች መኪና ታስቆማለች።

«ውረዱ እናቶቼ፣ አይዟችሁ» ትላለች፤ «እኔን ገጭቶ የሚያልፍ መኪና ገና አልተሠራም።»

የወደቡ ተቆጣጣሪ ግን አልሳቀም። እስከ ወሩ መጨረሻ በቀኝ ያለው ተዘግቶ በግራ በር ካልተከፈተ ፈቃዱ እንደሚነጠቅ ለማላኪ ነገረው። በግራ ለበር የሚመች ቦታ ደግሞ ከሾፌሩ ጀርባ ነው።

ማላኪ አንድ ቅርጫት የተጋገረ ጎደሬ ይዞ ሹሙ ፊት እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሉልኝ ብዬ ነበር።»

«ወደ ኋላ ምን?»

«አንዲት ወንበር ብቻ።»

«አባቴ በአባትህ መኪና ሲሄድ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ፊት፣ ጌታዬ።»

«አያቴስ?»

«ያኔ መኪና አልነበረም፣ ጌታዬ።»

«ቢኖርስ ኖሮ?»

ማላኪ አሰበ። «ፊት።»

«ታዲያ ይህን የምትሽረው አንተ ነህ? በቅርቡ ማዕረግ የሚቀበል ሰው እንዲህ ያስባል?»

ቤቱ ሲመለስ ሉሴ በር ላይ ጠበቀችው።

«ምን አሉህ?»

«በቅርቡ አሉኝ።»

«ልጃችን ክርስትና ሲነሳም በቅርቡ ነበር። ዛሬ እሱ ልጅ አለው። አንተ ሰውዬ፣ እኔ በየመንገዱ ነፍሴን የምሸጠው ለሰው መቀመጫ ነው?»

ማላኪ መላ አገኘ። የቀኙን በር በሚስማር ቸንክሮ፣ አዲሱን በር በግራ፣ ወጣቶቹ በሚቀመጡበት ከኋላ ከፈተ። ተቆጣጣሪው ረካ፣ የሹሙም ወንበር አልተነካም። እውነት ለመናገር ሁላችንም አጨበጨብንለት። ሉሴ ብቻ «እስቲ እናያለን» አለች።

በማግስቱ ሹም ታጋላሲ አዲስ ሽርጣቸውን አገልድመው በኋላ በር ገቡ። እሳቸው እንዲያልፉ ሰው ጭን ላይ የተቀመጠው መነሳት ነበረበት፤ የተነሳው ደግሞ ጎንበስ ማለት አለበት፤ መተላለፊያው የጎደሬ ጆንያ ነው፣ አንዱ ጆንያ ውስጥ አሳማ ይጮኻል። ሹሙ መሃል ላይ ሲደርሱ ወደፊትም ወደኋላም መንገድ ጠፋ። ማላኪ በመስተዋቱ ጎንበስ ያለ ሕዝብ አየና ሹሙ ቦታቸውን የያዙ መስሎት ነዳ።

ሹሙ ሲኤኒ ጭን ላይ ዘጭ አሉ። ሲኤኒ ዓሣ ሻጭ ናት፣ ሰፊ ሴት። በልማዷ ወገባቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ይመችዎት አባቴ፣ ፊት ለፊት ጉድጓድ አለ።»

ማንም አልሳቀም። ብንስቅ ይሻል ነበር። እስከ ወደብ ድረስ ሁላችንም ባሕሩን ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቅ ይመስል በመስኮት አፈጠጥን። ስንደርስም ሹሙ ከተጨናነቀው መሃል እስኪወጡ ሌላው መውረድ አልቻለም። ወደ ዋና ከተማው አፒያ የሚያሻግረን መርከብ ዓይናችን እያየ ተነሳ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ማዕረጉ ለማላኪ ታናሽ ወንድም መሰጠቱ ተነገረ። ወንድምየው ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ነው የሚኖረው፤ አገሩን ከረገጠ ቆይቷል፤ ነገር ግን ለሹሙ ነጭ መኪና ልኮላቸዋል። ሹሙ መንዳት አይችሉም። ማላኪን አስጠሩት።

«አንተ እኮ የታወቅህ ሾፌር ነህ» አሉት። «ከነገ ጀምሮ እኔን ትነዳኛለህ። የቤተሰብ ነገር ነው።»

ማላኪ እንደ ልማዱ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም።

«ጌታዬ፣ እኔ ጎህ ሲቀድ አውቶቡሴን ይዤ እነሳለሁ» አለ። «መንገድ ዳር ከቆሙ አቆምልዎታለሁ።»

ያን ቀን ከሰዓት፣ ሥራ በማይሠራበት ሰንበት፣ መንደሩ ሁሉ የመጋዙን ድምፅ ሰማ። ማላኪ የሹሙን ወንበር ነቅሎ በሩን በቦታው ከፈተ። ሰንበትን በመሻሩ ተቀጣ፤ ቅጣቱም አሳማ ነበር። ሹሙ አንድም ቀን መንገድ ዳር አልቆሙም። ነጩ መኪናም በሹሙ ደጅ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ቆሞ ጎማው ቀስ በቀስ አፈር ገባ።

ማላኪ አምና ሞተ። ለቀብር ንግግር የተጋበዘው ሰው በሟች ማዕረግ መጀመር ስለለመደ ግራ ተጋብቶ ወደ ሉሴ ዞረ።

«ማን ልበለው?»

«ማላኪ በለው። ስሙ ነው።»

ተናጋሪው የሚዘረዝረው ማዕረግ ስላልነበረ ጥቂት ተንተባተበ፤ ከዚያ ማላኪ እሱን ወደ ወደብ በነጻ የወሰደበትን ቀን አንስቶ ድምፁ ተሰበረና ቁጭ አለ። በአገራችን ያን ያህል አጭር የቀብር ንግግር ሰምቼ አላውቅም።