ጉም ውስጥ የመጣው ቤት

ትናንት ጠዋት ቤት ሲሄድ አየሁ። ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ አላልኩም... ቤቱ ራሱ ሲሄድ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። አባያ ሐይቅ ዳር በሙቀት ያደገ ሰው የጨንቻ ብርድ ሲመታው ቢቃዥ አይፈረድበትም፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

የምሰራው አርባ ምንጭ፣ የጤና ነገር በሚመለከተው አንድ የመንግስት ቢሮ ውስጥ ነው። ከጨንቻ ከፍ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ እንሰራላችኋለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። መውለጃዋ የተቃረበ ሴት ቀድማ መጥታ አዋላጅ አጠገብ ሆና ምጧን የምትጠብቅበት ቤት ማለት ነው። በጀቱ ግን ዘንድሮም አልጸደቀም። አለቃዬ ጠራኝና «አንተ አፍህ ማር ነው፣ ውጣና ንገራቸው» አለኝ። መጥፎ ወሬ ሲኖር አፌ ማር ይሆናል፤ እድገት ስጠይቅ ግን... እሱን ተዉት።

ከሚኒባስ ወርጄ በእግር ስጀምር ጉሙ መንገዱን ውጦታል። እንሰቱ ቅጠል ቅጠሉ ብቻ ይታያል፣ ግንዱ የለም። ድምፅ ሁሉ በጥጥ የተጠቀለለ ይመስላል። የሚያስፈራ አልነበረም፤ እንዲያውም ደስ ይል ነበር። «የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች...» እያልኩ የምናገረውን ብቻዬን እለማመዳለሁ።

ከፊቴ ዜማ ሰማሁ። አንዱ ያወጣል፣ ብዙዎች ይቀበላሉ። ቀጥሎ ጉሙ ተከፈተና በሩ እንደ ረጅም አፍንጫ ወደፊት የወጣ የቀርከሃ ጎጆ እየተወዛወዘ ወደ እኔ መጣ። ከስሩ እግር ነበረው... ብዙ እግር። ባዶ እግር፣ የጎማ ጫማ፣ ሸራ ጫማ። ጴንጤ ነኝ፣ በህይወቴ አማትቤ አላውቅም፤ ትናንት ግን እጄ ሳላዘው ግንባሬ ላይ ወጣ።

«አይዞህ ልጄ፣ ቤት ነው» አሉኝ ከጎኑ የሚራመዱ ሽማግሌ። ጋሽ ዶላ ናቸው፤ ባለፈው ስብሰባ ማቆያው የት ደረሰ ብለው አጥብቀው የያዙን ሰውዬ።

«ቤት መሆኑንማ አየሁ... ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ጤና ጣቢያ።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እዚያ ደጋ ላይ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ ነው የሚሰራው። ባለቤቱ ቦታ ሲቀይር ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ግማሹ ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ሆኖ እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል። በወሬ እሰማ ነበር እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

«የማን ቤት ነው?» አልኳቸው።

«የልጄ ነበር። ሚስቱ አምና ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስናመጣት መንገድ ላይ ቀረች። እሱም ቤቱን ማየት ጠልቶ አዲስ አበባ ሽመና ገባ። የቀርከሃ ቤት ደግሞ እሳት ካልነደደበት፣ ጭስ ካልጠገበ ምስጥ ይጨርሰዋል። አሁን አስቴር ልጄ ወሯ ገብቷል። እሷን በዚያ መንገድ በቃሬዛ አልወስዳትም። ምጡ ሳይመጣ በእግሯ ትሂድ፣ ቤቱም ማቆያ ይሁናት።»

ዞር ስል አስቴር ከኋላ ናት። ጋቢ ተከናንባ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች የሟቿን የወንድሟን ሚስት ቤት ትከተላለች። «የተከበራችሁ» እያልኩ የተለማመድኩትን ሁሉ ተውኩት።

ምን ልበል? ቦርሳዬን ወደ ጀርባዬ አዙሬ አንዱ ጥግ ገባሁ። «የቢሮ ትከሻ ነው፣ አይችልም» አለኝ ከአጠገቤ ያለው ሰው። እውነቱን ነው፣ አልቻለም። ዛሬም ያመኛል።

ጤና ጣቢያው ግቢ ደርሰን ቤቱን ስናሳርፈው አዋላጇ ሲስተር ትዕግስት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆመች። ውስጡ ግን ባዶ ነው። አልጋ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ፣ ለምትቆይ ሴት የሚቀመስ የለ። ያኔ በጀቱ እንዳልጸደቀ ነገርኳቸው። ማሩ የት እንደገባ እንጃ፣ ዓይናቸውን ሳላይ በጥድፊያ ነው የጨረስኩት።

ጋሽ ዶላ አልተቆጡም። ጎንበስ አሉና ከአጥሩ ስር እርጥብ ሳር ነጭተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ቤቱን እኛ አመጣን። አልጋውንና ቀለቡን መንግስት ያምጣ። አለቃህ የጋሞ ልጅ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ነው።»

«እንግዲያው በሩ ላይ አስቀምጥለት። ብዙ አትናገር።»

እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከለመነህ እምቢ አይባልም። ፊትህ የተቀመጠ ሳር ተሻግሮ ማለፍማ አይታሰብም። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳን እዚያ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ።

ሳሩን በእርጥብ መሀረብ ጠቅልዬ ወረድኩ። ጉሙ እየሳሳ ሄደ፣ ሙቀቱ ተቀበለኝ፣ አባያ ከታች ተዘርግቶ ታየኝ... የምር ነበር ወይስ ሚኒባሱ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው? መሀረቡን ፈታሁት። ሳሩ አለ።

ዛሬ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ አለቃዬ በር ላይ አኖርኩት። ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ፣ አየውና ቀጥ አለ። ቁልፉም ዝም አለ።

«ማነው የላከው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጋሽ ዶላ። ቤቱን ተሸክመው አምጥተውታል። አልጋና ቀለብ ቀርቷል።»

ሳሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሳሩን አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

ይሄን ስጽፍላችሁ አለቃዬ አሁንም ደጅ ቆሞ ነው፤ በየቢሮው እየደወለ አልጋ ይለምናል።