ሰባት ቤት ሲቆጠር

ለንደን በገባሁ በአራተኛው ዓመት ከራሴ ዘር ይልቅ የእንግሊዝ መሳፍንትን ዘር አውቅ ነበር። ጉራ አይደለም፤ ሥራዬ ነበር። ፓርክ ሮያል ውስጥ፣ ከዳቦ ፋብሪካው ጎን፣ አሮጌ መጻሕፍት እየመጡ ስካን የሚደረጉበት መስኮት የሌለው መጋዘን አለ። እዚያ ተቀጠርኩ። የብርዱን ወራት በሙሉ የደረሰኝ ክምር የጥንት መኳንንት የትውልድ ሐረግ ነበር፤ ማን ማንን ወለደ፣ ማን ማንን አገባ። ገጽ መግለጥ፣ መስታወቱን መጫን፣ ማንሳት፣ ደግሞ መግለጥ። አለቃችን ማንበብ ጊዜ ይፈጃል እያለ ይቆጣል። እኔ ግን አነብ ነበር፤ ከማን ጋር ላወራ ነው ታዲያ?

አቀማመጡን ቶሎ ለመድኩት። ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት አጫጭር መስመሮች ጋብቻ ናቸው። ከሥራቸው የሚወርደው መስመር ልጅ ነው። መስመር ከማይወርድለት ሰው ሥር ደግሞ ‹ሳይወልድ ሞተ› ማለት የሆኑ ሦስት የላቲን ፊደላት ይቀመጣሉ። በነዚህ ፊደላት እናደድ ነበር። ሰውየው ባሕር ተሻግሮ ተዋግቷል፣ ግንብ አስገንብቷል፣ ሦስት ሚስት አግብቷል፤ መጨረሻው ሦስት ፊደል! ያኔ ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነበር፤ ንዴቱ ከየት እንደሚመጣ አልጠፋኝም።

ጋብቻቸውም ጉድ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ትታጫለች። ባሏ የሞተባት ሴት ርስት ካላት፣ ሐዘኗን ሳትጨርስ ሌላ ስም ከጎኗ ይጻፋል። ከሁሉም የገረመኝ ግን የነሱም ቤተ ክርስቲያን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የከለከለችው እስከ ሰባት ትውልድ መሆኑ ነው፤ ልክ እንደኛው። በኋላ ሁሉም እርስ በርሱ ዘመድ ሆኖ የሚያገባው ሲያጣ ወደ አራት ዝቅ አደረጉት። አራቱም ሲከብዳቸው ወደ ሮም መልእክተኛ ሰድደው ፈቃድ ያስመጣሉ። ይህን ያነበብኩ ቀን ለሰው ካልነገርኩ ልፈነዳ ደረስኩ። ዌምብሊ፣ ክፍሌ ገብቼ ስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ ለዚህ ተብሎ የሚደወልለት ሰው የለም። ስልኩን አስቀምጬ ተኛሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንዲት ሴት ነገርኳት። ነርስ ናት፤ ስትሪትሃም ከእናቷ ወንድም ጋር ትኖራለች። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ አልፈን አናውቅም።

«ሥራ ላይ ሆነህ ታነባለህ? ሳክ ያደርጉሃል እኮ፣ ከሥራ ትባረራለህ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን «እሺ፣ ሮም ፈቃድ ካልሰጠቻቸውስ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ይዤ ሳምንቱን ሙሉ አነበብኩ። በሚቀጥለው እሑድ መለስኩላት፤ ሌላ ጠየቀችኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት ሳይሞላ ልንጋባ ቆረጥን።

ሽማግሌ መላክ አለብኝ። ማንን? አባቴ የሞተው ልጅ ሳለሁ ነው፤ እናቴንም ቀብሬአለሁ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ካገር ስወጣ የተሰናበትኩት ዘመድ ደብረ ብርሃን ያለች አክስቴን ብቻ ነው። ለንደን ውስጥ ደሜ የሆነ አንድ ሰው አልነበረኝም። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት አባቶች አዝነውልኝ ሄዱልኝ።

አጎቷ በደርግ ጊዜ የመጡ፣ ሲበዛ ጨዋ ሰው ናቸው። «ልጁን ወድጄዋለሁ፤ ዘሩን ብቻ ይቁጠርልኝ» ብለው መለሷቸው። ሽማግሌዎቼ ሲመለሱ፣ «የአባትህን ወገን ሰባት ስም ጥራላቸው፣ ሌላ አይጠይቁህም» አሉኝ። እኔ ግን ከአያቴ በላይ አንድም ስም አላውቅም ነበር። የማላውቀውን የአንድ እንግሊዛዊ መስፍን ዘር እስከ አሥራ ሁለት ትውልድ እጠራለሁ፤ የራሴን ሁለት። አፈርኩ።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ሰባቱን ስም እየጠራችልኝ ጻፍኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

«ሚስቶቻቸውስ?» አልኳት።

«የሴቶቹን ማን ጠየቀህ፣ የኔ ጌታ?»

«ማንም። እኔ ነኝ የምፈልገው።»

መጋዘን ውስጥ የለመድኩት እንደዚያ ነዋ! እነዚያ መኳንንት ሚስት ከነአባቷ፣ ከነወንድሞቿ ነው የሚጽፉት። አክስቴም እያጉረመረመች አሮጊቶቹን ዞራ ጠየቀችልኝ። በሦስት ቅዳሜ ስልክ ጨረስን። ትልቅ ወረቀት ገዛሁ፤ በማስመሪያ እያሰመርኩ፣ ጋብቻውን በሁለት መስመር፣ ልጁን በአንድ፣ እንደ መሳፍንቱ አድርጌ ሣልኩት። ሳየው ደረቴ ተነፋ። ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሁለት ቀን አየሁት። ያ ሁሉ ሰው የኔ ነበር።

ስትሪትሃም ይዤው ሄድኩ። አጎቷ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ኧረ ይኼ ፍሬም ተደርጎ የሚሰቀል ነው!» አሉ። እሷ ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ሳቀችልኝ። ጣታቸው ከስም ወደ ስም እየወጣ ከምንጅላቴ ዘንድ ደረሰ፤ ወደ ሚስቱ ዞረና ቆመ።

«የዚች ሴትዮ አገሯ የት ነው?»

ነገርኳቸው፤ አባቷ በወንበር ዳኝነት የታወቁ መሆናቸውን ጨምሬ፣ እየተኩራራሁ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «የቅድመ አያቴ እህት ናት» አሉ። ወደ ልጅቷ ዞረው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ወደኔ ተመለሱና ቆጠሩ። «አምስት ቤት ላይ ተገናኛችሁ።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ አፌ ግን አላረፈም። «እንግሊዞቹ እኮ ከአራት በኋላ አይከለክሉም! ከዚያ በታች ለሆነውም ሮም ትፈቅድ ነበር» አልኳቸው።

«እኛ እነሱን ነን፣ ልጄ?» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን እከራከራቸው ነበር።

ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝ። መንገድ ላይ ለመንኳት። «ማን ያውቃል? ወረቀቱን ልቅደደው። እሳቸውም ለሰው አይናገሩም» አልኳት።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «ልጅ በታመመብኝ ቁጥር ያ ወረቀት ነው የሚታየኝ። አልችለውም።» ባቡሩ ሊመጣ ሲል ክንዴን ያዘችኝ። «ሴቶቹን ለምን ጻፍካቸው? ማንም አልጠየቀህም እኮ!»

«የሥራ ልማድ ነው» አልኳት። ያመንኩትም እንደዚያ ነበር። ዌምብሊ ስደርስ ነው እውነቱ የገባኝ፤ አጎቷ ፊት ብዙ ሰው ያለው ሰው መምሰል ፈልጌ ነው። ሰው እንደሌለኝ እንዳያዩብኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለፋሲካ አጎቷ ደወሉልኝ። «ዘመድህ እዚህ ተቀምጦ ብቻህን ልትፈስክ ነው?» አሉኝ። ላለመሄድ የሥራ ሺፍት አለብኝ ብዬ ዋሸሁ። ለገና ግን ውሸቱ አለቀብኝና ሄድኩ። ለእንግዶቻቸው «የኛው ልጅ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። ለዓመታት እንዲህ የሚለኝ ሰው ስመኝ ነበር፤ ሲመጣ ደግሞ በሷ ፋንታ ሆነ። እሷ ምግብ ስታቀርብልኝ «እንካ ወንድሜ» ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ሳህኑን እያየች ነበር የምትለው። በኋላ ለመደችው። እኔ አልለመድኩትም።

በሁለተኛው ዓመት አገባች። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን በወደድኩ። የሠርጉ ሰሞን አጎቷ ጠሩኝ። «እዚህ አገር ወንድም የላትም። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ በሩን የምትይዘው አንተ ነህ» አሉኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ዘመድ ነኛ።

ቅዳሜ ጠዋት የስትሪትሃሙን ቤት በር በሁለት እጄ ያዝኩ። ሴቶቹ ከኋላዬ እየዘፈኑ ያጨበጭባሉ፤ ሚዜዎቹ ከውጭ እየሳቁ ይገፋሉ። ከረሜላ ሰጡኝ፣ አልለቀቅኩም። ሽቶ ረጩብኝ፣ አልለቀቅኩም። ለመኑኝ። ዘፈኑ አንዴ አልቆ እንደገና ተጀመረ። ጨዋታው ከሚበቃው በላይ ቆየሁ፤ ይታወቀኛል፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ከኋላዬ ጭብጨባው ሳሳ።

አጎቷ መጥተው ትከሻዬን ነኩኝ። «በቃ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «በደንብ ይዘህላታል። አሁን ልቀቅላቸው።»

ለቀቅኩ።