መጠነኛ መዋዠቅ

ሞኝነቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ከኔው አፍ ይውጣ። እኔ በሃያ አራት ዓመቴ ትርጉሙን የማላውቀውን ቃል ስናገር ደረቴ የሚነፋ ሰው ነበርሁ። ሌላው በጠላ ይሰክራል፤ እኔ «ሁለንተናዊ» ባልሁ ቁጥር እሰክር ነበር። ሁለንተናዊ ምንድን ነው? ያኔም አላውቀውም፣ ዛሬም ብትጠይቁኝ ራሴን እያከክሁ ወሬ እቀይራለሁ። ብቻ አፍ ይሞላል። ገብስ በጠፋበት ዘመን ደግሞ አፍ የሚሞላ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ይቺ ቀልድ አልጣመቻችሁም? እኔንም አትጥመኝም። ሳልቀልድ መናገር ስለማልችልበት ነው፣ ታገሡኝ።

ይህን ነገር ለሰው ነግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም፣ ልጆቼ አያውቁትም። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው እንዳልል፣ አንድ ሁዳዴ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ያልኋቸው እንዲህ ነው፤ «አባቴ፣ በወጣትነቴ በሥራዬ ላይ አንዳንድ ክፍተቶች ነበሩብኝ።»

«ክፍተት ምንድን ነው ልጄ? ሰረቅህ?» አሉኝ።

«ኧረ አልሰረቅሁም።»

«ገደልህ?»

«ኧረ አባቴ!» አልሁ።

ሃምሳ ስግደት አዘዙኝ። ሰገድሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ነገሩ ግን እንዳለ አለ። እግዚአብሔር ፊት እንኳ በሪፖርት ቋንቋ የቀረብሁ ሰው ነኝ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። አገሬ ስማዳ፣ ቀበሌያችንም ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ንፋስ መውጫ ሄጄ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማርሁ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። ስምንተኛን ጨረስሁ ስል እሷ ጨረሰችኝ ማለቴ ነው፣ ግን በኛ ቀበሌ ይህንን የሚያጣራ አልነበረም።

ካድሬዎች ለስብሰባ ሲመጡ ሰው ሁሉ ያንቀላፋል፤ እኔ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ቃል እለቅማለሁ። «ተጨባጭ ሁኔታ»። «የተቀናጀ ርብርብ»። «አበረታች ሂደት»። «ከመቼውም ጊዜ በበለጠ»። ሪፖርት ሲደርስ አንዱን ካንዱ እያጋባሁ አወጣቸዋለሁ። የጎረቤቴ በሬ ገደል ገብቶ ሲሞት «በእርሻ ጉልበት አቅማችን ላይ የመቀነስ አዝማሚያ ታይቷል» ብዬ ጽፌያለሁ። ሚስቴን ሳጭ እንኳ አላረፍሁም። አባቷ የላይ ጋይንት ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አሳምረው ከጨረሱት በኋላ፣ ማን ተነሥ እንዳለኝ እንጃ፣ ተነሣሁና «የሁለቱን ቤተሰቦች ሁለንተናዊ ግንኙነት ለማጠናከር» ብዬ ጀመርሁ። አማቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ይኼ ልጅ የሚፈልገው ልጄን ነው ወይስ ስብሰባ ሊጠራን ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ።

አንድ ቀን የየቀበሌው ጸሐፊዎች በተሰበሰብንበት፣ ከላይ የመጣ አንድ ሰውዬ የኔን ሪፖርት ከፍ አድርጎ ይዞ «ሪፖርት ማለት እንዲህ ነው!» አለ። ቀጥሎ የወንዳለን አነሣ። ወንዳለ የጎረቤታችን ቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ ከመሠረተ ትምህርት በቀር የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ ፊደሉ ዶሮ የጫረችው የሚመስል። «ይኼ ደግሞ ሪፖርት ነው ወይስ ልቅሶ?» ብሎ አሳቀበት። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ወንዳለ «ሳቅ፣ ሳቅ አንተ፣ ጥርስህ እስኪረግፍ» አለኝና እሱም ሳቀ። እኔ ግን ያን ቀን ወደ ቤቴ የገባሁት በእግሬ አልመሰለኝም።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀጥ አለ። ገብሱ ሳያሸት ደረቀ፣ ባቄላው አበባውን አራገፈ። ጥቅምት ላይ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን መብላት ጀመረ። ኅዳር ላይ ደጃፎች በእሾህ ተዘጉ። በኛ አገር ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ እንስሳ እንዳይገባበት በሩ ላይ እሾህ ይከምርበታል።

ከላይ ትእዛዝ ደረሰን። የየቀበሌያችሁን ሁኔታ ጽፋችሁ ላኩ፣ ለተቸገረው እህል ይመጣል የሚል።

የእኛ አጻጻፍ ልማድ ነበረው። ሽማግሌዎች ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የጻፍሁትን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ እነሱም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትሙበታል። ከታተመ በኋላ ቃሉ የነሱ ነው።

የዚያን ቀን የተናገሩት አያ ደሴ ናቸው። አያ ደሴ ጎረቤቴ ናቸው፤ አባቴ ሲሞት እርፍ ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው። ዘግይተው ያገኟት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው፣ እናኑ ትባላለች።

«ጻፍ» አሉኝ። «ገብሱ ደርቋል በል። ዘራችንን በልተናል በል። አራት ሰው ቀብረናል፣ ስማቸውን ዘርዝር። ስድስት ቤት በእሾህ ተዘግቷል። እህል ቶሎ ካልደረሰ ጥምቀትን የምናይ አንመስልም በል። በቃኝ።»

በቃ። ከዚህ ላይ ምን ይጨመራል? ምንስ ይቀነሳል? የሦስት ዓመት ልጅ የሚገባው ነገር ነው። እኔ ግን ብዕሬን ይዤ አፈርሁ። «ዘራችንን በልተናል» የሚል ወረቀት በኔ የእጅ ጽሕፈት ይሂድ? ያ ሰውዬ ምን ይለኛል? በወንዳለ እንዳሳቀበት በኔም ቢያሳቅብኝስ? እናም እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ አንድ ቃል አልረሳሁም፤

«በቀበሌያችን ተጨባጭ ሁኔታ በምርት ሂደቱ ላይ መጠነኛ መዋዠቅ የታየ ቢሆንም፣ ጭቁኑ ገበሬ ከመቼውም ጊዜ በበለጠ በተቀናጀ ርብርብ ችግሩን በራሱ አቅም በመቋቋም አበረታች ሂደት ላይ ይገኛል።»

ተነሥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብሁላቸው። ሲያልቅ አያ ደሴ ጆሯቸውን ወደኔ እንዳዘነበሉ «ሙታኑሳ? አሉበት?» አሉኝ።

«አሉበት አያ።»

«የቱ ጋ?»

ጣቴን ወረቀቱ ላይ ወሰድሁና «መዋዠቅ» የሚለው ላይ አሳረፍሁት። «እዚች ጋ። በመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ነው እንጂ አሉ።»

«እህል ላኩስ ይላል?»

«ከዚህ በላይ እንዴት ይባል አያ?»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉና ጣታቸውን ነከሩ።

አሥራ አንድ አውራ ጣት። ወረቀቱን እያስተካከልሁ፣ «እዚህ ጋ፣ ጠበቅ አድርገው» እያልሁ ያሳተምኋቸው እኔ ነኝ። «ችግር የለብንም» የሚለውን ቃል በገዛ ጣታቸው አስፈረምኋቸው።

ዘመኑ አስፈሪ ነበር፣ ፈርተህ ነው ትሉኝ ይሆናል። ብፈራ ኖሮ ደግ ነበር፤ ለፈሪ ሰው ያዝናል። እኔ አልፈራሁም። የሚያስፈራኝም፣ እንዲህ ጻፍ ያለኝም አልነበረም። ኮርቼ ነው የጻፍሁት። አንድ የማላውቀው ሰውዬ «ጎበዝ» እንዲለኝ ብዬ ነው።

በሳምንቱ አያ ደሴ ቤቴ መጡ። የላይ ሰፈር ሰው እህል ይታደልበታል ወደተባለ አገር ሊነሣ ነው። «እናኑንና እናቷን ይዤ አብሬ ልውጣ ወይስ ልጠብቅ?» አሉኝ። «እግር ሳይከዳ መውጣት ነው የሚሻል ይላሉ። እኔ ግን ደብዳቤው ሄዷልና፣ ደብዳቤውን የምታውቅ አንተ ነህ።»

«ይጠብቁ አያ፣ ይመጣል» አልኋቸው።

በዚያው ሳምንት፣ ሚስቴን በአህያ አድርጌ ወደ አባቷ አገር ሰድጃታለሁ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የሳቸው ሚስትና ልጅ ደብዳቤዬን ይጠብቁ፣ የኔ ሚስት ግን ትውጣ። ታዲያ አላውቅም ነበር ልበላችሁ? የጻፍሁት ነገር ባዶ መሆኑን ካንጀቴ አውቄ ነው «ይመጣል» ያልሁ።

መልሱ ታኅሣሥ ላይ መጣ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ራስን የመቻል መንፈሳችን የሚያስመሰግን ስለሆነ ለሌሎች ቀበሌዎች በተሞክሮነት ይቀርባል ይላል። እህል ለመንን ብለው ለሚጠብቁ ሰዎች ምስጋና ተላከላቸው። በኔው ቋንቋ መለሱልኝ፤ ያነበብሁት ወረቀት ራሴ የጻፍሁት ይመስል ነበር።

አያ ደሴ በትራቸውን ተደግፈው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። «ምን ይላል?»

«እየታሰበበት ነው ይላል።»

ይኸም ሌላ ውሸቴ ነው።

በነጋታው ወንዳለን መንገድ ላይ አገኘሁት። እህል የጫኑ አህዮች ወደ ቀበሌው እያስነዳ ነው። ከስቶ አፍንጫው ብቻ ቀርቷል፣ ግን ይስቃል። «ምን ብለህ ጽፈህ ነው?» አልሁት።

«ምን እጽፋለሁ? ሰው እያለቀብን ነው፣ እህል ላኩ አልሁ። ሁለት መስመር ናት። ሦስተኛውን የምሞላበት ቃል ከየት አባቴ ላምጣ?» አለ። ደሞ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ያንተማ እጥፍ ሳይመጣ አይቀርም፣ አንተ ሊቁ!»

ያን ጊዜ እግሬ መሮጥ ነበረበት። ተመልሼ ሁለት መስመር መጻፍ እችል ነበር። ሁለት መስመር ስንት ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግን አሥር ቀን ፈጀብኝ። ሽማግሌዎቹን እንደገና ብሰበስብ «የፊተኛው ምን ጎደለውና?» ይሉኛላ! ምን ልመልስ? አሥር ቀን ሙሉ አፈርሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ማንንም ሳልጠራ፣ በራሴ ፊርማ ብቻ ጻፍሁ። «ሰው እየሞተ ነው። እህል ላኩ።» በሕይወቴ ያን ያህል የከበደኝ ጽሑፍ የለም፤ አንድም የማላውቀው ቃል አልነበረበትም።

እህሉ ጥር መጨረሻ ላይ ደረሰ።

እናኑ ጥምቀት ሊሆን አምስት ቀን ሲቀረው ሞታለች። እናቷ በሳምንቷ ተከተለቻት። የሁለቱንም መቃብር ከቆፈርነው አንዱ እኔ ነኝ፤ መቆፈሪያ የሚያነሣ ጉልበት የቀረው ሰው ጥቂት ነበርና። የእናኑ ብዙም አልደከመንም። ትንሽ ጉድጓድ በቃት።

እኔ ጻፍሁት። ዝናቡን ያስቀረሁት እኔ አይደለሁም፣ እሱን አውቃለሁ፤ ብዙ ሌሊት በዚህ ራሴን ልሸነግል ሞክሬያለሁ። ሌላም ቦታ ሰው አልቋል ብያለሁ። ልጅ ነበርሁ ብያለሁ። ሁሉም የሚያምር ቃል ነው፤ የሚያምር ቃል ደግሞ ምን እንደሚሠራ ከኔ ይልቅ የሚያውቅ የለም። እህሉ በወንዳለ ቀበሌ ታኅሣሥ ላይ ገብቷል። እናኑ ታኅሣሥ ላይ ነበረች። በመካከሉ ያለው የኔ ወረቀት ነው። እኔ ጻፍሁት፣ እኔ አነበብሁት፣ «ሙታኑ አሉበት» ያልሁ እኔ ነኝ፣ «ይጠብቁ» ያልሁም እኔ ነኝ።

አያ ደሴ ከሞቱ ቆይተዋል። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አላስቸግርም፤ የናንተ አይደለምና።

ልነግራቸው ግን አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። በዚያው ዓመት ግንቦት፣ ማሳቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ብቻቸውን ናቸው፤ በልግስና የመጣውን ዘር ከጎናቸው አስቀምጠው መሬቱን ያያሉ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልሁ። አፌን ከፈትሁ። ያን ሁሉ ቃል የለቀምሁ ሰው፣ «እኔ ነኝ» የምትለዋን ሁለት ቃል አጣሁ።

እሳቸው ቀደሙኝ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና «አየህ ልጄ፣ ልቤ ጠፍቶ ሳላመሰግንህ ቆየሁ። ሁለተኛም ጻፍህልን አሉ» አሉኝ። «እነሱ ዘገዩ እንጂ አንተማ ምን ታደርግ? እግዜር ይስጥህ። አንተ ባትኖር ማን ይጽፍልን ነበር?»