ደረጃ ሁለት ጠላቂ

ታናሽ ወንድሜ ከጅቡቲ ጅጅጋ እኔ ዘንድ ሲመጣ ከልብሱ ሌላ ይዞት የመጣው አንዲት የፕላስቲክ ካርድ ነበር። ቱሪስት በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ሲሠራ ባለቤቱ የአየር ሲሊንደር አሸክሞ ባሕር መጥለቅ አስተማረው፤ ተፈትኖ ደረጃ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ደረጃ ሁለት ሆነ፤ ካርዷ የዚህ ምስክር ናት። ያኔ እዚያው ጅቡቲ ወደብ ላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ የመርከብ ሆድ ለመፋቅ ሥራ አመልክቶ መልስ ይጠብቅ ነበር።

እኔ ከጎጃም ለመንግሥት ሥራ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ነኝ፤ ባሕር አይቼ አላውቅም።

"ደረጃ ሁለት ማለት ምን ትችላለህ ማለት ነው?" አልኩት።

"ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ፣ አስተማሪው እያየኝ፣ ያዘዘኝን ሠርቻለሁ ማለት ነው።"

"የወደቡስ ውሃ ጥርት ያለ ነው?"

"የወደብ ውሃ? የድስት እጣቢ ነው እንጂ፣ እታለም!" ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አልደነገጥሁምም። ምስር መልቀሜን ቀጠልኩ።

በፍልሰታ ጾም አከራዬ፣ ደግ የሶማሌ ሴት፣ በሬን አንኳኳች። በአውበሬ መንገድ ዘመዶቿ መንደር የውሃ መሳቢያው ሞተር ቢርካ ውስጥ ወድቋል፤ ቢርካው፣ በሲሚንቶ የተለሰነው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ክረምቱን ሞልቷል።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ወንድምሽ ካርድ አለው አይደል? ገብቶ ሞተሩ ላይ ገመድ ያያይዝልን።"

አብረን ሄድን። መንደርተኛው ቢርካው ዳር ቆሟል። ወንድሜ ሸሚዙን አውልቆ ተንበረከከና ክንዱን እስከ ብብቱ ነከረ፤ የገዛ ጣቱን ማየት አልቻለም። የጉድጓዱ የእሾህ ክዳንም ከሞተሩ ጋር ተደርምሶ ገብቷል። በረዥም እንጨት ታቹን ሲዳብስ ቆየ። ከዚያ ሸሚዙን መልሶ ለበሰ።

"አልገባም።"

"ባሕር የጠለቀ ቢርካ ፈራ!" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ካርዱን ወርውሩት፣ እሱ ያውጣልን!" አለ ሌላው። ሁሉም ሳቀ።

እኔ ቶሎ ብዬ፣ "ጾም ነው፤ እህል አልቀመሰም፣ አቅም የለውም" አልኩ።

"ጾሙ አይደለም፣ እታለም" አለ ሁሉም እየሰማው። "ታቹ አይታይም። እሾህ አለ። ቢይዘኝ የሚያወጣኝ ጓደኛ የለም። አልችልም።"

ማፈር ነበረብኝ። አላፈርኩም፤ አልኮራሁምም። ሞተሩን በማግስቱ በቆልማማ ብረት ጎትተው አወጡት፤ እሾሁ ዙሪያውን ተጠምጥሞበት ነበር አሉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ "ያን ያህል ሰው ፊት እምቢ ማለት ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው የሚማሩት?" አልኩት።

"ይነግሩናል እንጂ አይፈትኑንም" አለ በመስኮት እያየ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከወደቡ ተደወለለት። አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁ።

"ደረጃህ ስንት ነው?"

"ሁለት።"

"በቃ፣ ና።"

ሌላ ምንም አልጠየቁትም። አትሂድ ልለው ቃጣኝ፤ ግን እዚህ የምሰጠው ሥራ የለኝም። ጠበል ረጨሁትና ሸኘሁት።

አሁን አመሻሽ ላይ ይደውላል። በልተሃል ወይ አልለውም። "ዛሬ እምቢ ያልከው ነገር አለ?" እለዋለሁ። በፊት በፊት፣ "አለ፤ ውሃው ክፉ ነበር፣ አለቃዬ ቢቆጣም አልገባሁም" ይለኝ ነበር። እንዲህ ባለኝ ቀን ውዳሴ ማርያሜን ሳልቸኩል እደግም ነበር።

ሰሞኑን "የለም" ማለት አብዝቷል፤ የወደቡ ውሃ ግን ያው እጣቢ ነው። ትናንትም፣ "የለም" አለ። "እንዲያውም አለቃዬ ለደረጃ ሦስት ሊያስፈትነኝ ነው!"

ደስ ብሎታል። "እሰይ" አልኩና ስልኩን ዘግቼ ምስሬን አነሳሁ።