ጠዋት ብቻ የሚታይ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ልናይ ከእማዬ ጋር አራተኛ ፎቅ ወጣን። ደላላው በሩን ሲከፍትልን ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካኝ። ድሬዳዋ ላይ... ያለ ቬንቲሌተር... ቀዝቃዛ አየር! እዚያው በሩ ላይ ተጠራጠርኩ።

የምንኖረው ከዚራ ሰፈር ነው፤ አንድ የድሮ ቪላ ጓሮ ያለች ሰርቪስ ተከራይተን። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ግቢው ግን ትልልቅ የኒም ዛፎች አሉት። ሙቀቱ ሲብስ አልጋችንን አውጥተን ዛፍ ስር ነው የምንተኛው። አሁን አከራያችን ቪላውን ልትሸጠው ስለሆነ «ልቀቁ» ብላናለች። አባዬ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ስንት ዓመት መሪ ጨብጦ ያጠራቀመውን ለእማዬ ትቶላት «የወደድሽውን ያዢ» ብሎ መንገድ ወጣ። ሌላ ብር የለንም። ይሄ ከተበላ... አለቀ።

እኔ ደግሞ ሰው ፊት አፌ አይፈታም። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ የሄድኩበት ቀን አለ። ስለዚህ የትም ብሄድ ዝም ብዬ ማየት ነው።

እና ሳይ... ወለሉ እርጥብ ነው። ሳሎኑም፣ መኝታ ቤቱም። ሰው የማይኖርበት ባዶ ቤት!

«አቦ፣ ንፋሱን አያችሁት?» ይላል ደላላው መስኮት እየከፈተ። «ይሄ ቤት እኮ ቬንቲሌተር አይጠይቅም።»

«ውሃስ?» አለችው እማዬ።

«ውሃማ... ዛሬ ፈረቃችን ስላልሆነ እንጂ፣ ሲመጣ ጎርፍ ነው።»

ቀስ ብዬ ኩሽና ገባሁና ቧንቧውን ከፈትኩት። አየር ብቻ ተነፈሰብኝ።

ቧንቧው ደረቅ፣ ወለሉ እርጥብ። ታዲያ ይሄን ውሃ በጀሪካን አራት ፎቅ አውጥቶ ለምን ደፋው? እኛ ከሰዓት ላይ ግቢው እንዲበርድልን ውሃ እንረጫለን። እሱ ትዝ ሲለኝ ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ቤቱን አላጠበልንም... አብርዶልናል።

የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በመዳፌ ነካሁት፤ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ያለውን። የትናንቱን ሙቀት ይዞ ገና በጠዋቱ ለብ ብሏል።

ኮሪደሩ ላይ ደግሞ በየበሩ የተጠቀለለ ፍራሽ ቆሟል።

«ይሄ ሁሉ ፍራሽ ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

«እንግዳ ይመጣባቸዋል። የድሬን ሰው ታውቂው የለ፣ እንግዳ ይወዳል።»

በየበሩ? ሁሉም ቤት እንግዳ መጣ?

«ሰኞ ጠዋት ቀብድ ካላስያዛችሁ ሌላ ገዢ አለኝ» አለ ደላላው። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ» ልትለው ነው። «ከሰዓት መጥተን እንየው» ማለት ፈልጌ ነበር... አፌ እምቢ አለ። ሻርፔን ከአንገቴ ፈታሁና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ምሳ በልተን ስንጨርስ «እማዬ... ሻርፔን እዚያ ረስቼው መጣሁ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ለደላላው ደወለች። ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል።

«አቦ በዚህ ሰዓት? ጫቴን ይዤ በርጫ ላይ ነኝ እኮ። ሰኞ ጠዋት ስትመጡ ትወስደዋለች።»

ዘጋችውና ጃንጥላዋን አነሳች። «ተነሺ፣ እንሂድ።»

«ቁልፍ የለንም እኮ...»

«ቁልፍ ማን ፈለገ?»

ድሬ በዚያ ሰዓት ተኝታለች። የደረጃው ብረት እጅ ይፋጃል። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ጠዋት የተጠቀለሉት ፍራሾች ኮሪደሩ ጥላ ላይ ተዘርግተው ሰው ጋደም ብሎባቸዋል። ካየነው ቤት ጎን ያለችው ሴትዮ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ በካርቶን ታራግባለች።

«መርሀባ» አለችን። «ቤቱን ልትገዙ ነው?»

«እያየነው ነው» አለች እማዬ።

«መቼ አያችሁት?»

«ጠዋት።»

ሴትዮዋ ካርቶኑን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እኛም ጠዋት ነው ያየነው!»

ከዚያ የራሷን በር ገፋ አድርጋ «ነይ እዪ፣ ሀያቲ» አለችኝ አቆላምጣ። አንገቴን ብቻ አስገባሁ። የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተብኝ መሰለኝ።

ደስ አለኝ! ጥርጣሬዬ እውነት ነበር። የአባዬን ብር አተረፍኩ። «አየሽ እማዬ?» ልላት ዞር ስል እሷ ቤቱን አታይም... ኮሪደሩን ነው የምታየው።

«ማታ የት ነው የምትተኙት?» አለቻት ሴትዮዋን።

«እዚሁ ነዋ፣ ፎቁ በሙሉ። ወንዶቹ በዚያ ጫፍ፣ እኛ በዚህ።»

«ንፋስ አለው?»

«ወላሂ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ያስፈልግሻል።»

እማዬ ዓይኗን ከበሩ እስከ ደረጃው አሳለፈች። «የእኛ ፍራሽ የሚዘረጋበት አይጠፋም፣ አይደል?»

ክው አልኩ። ደረጃውን ስንወርድ «እማዬ፣ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ግድግዳውን ካንቺ በፊት ነው የነካሁት። አንቺ ሻርፕሽን ባትተይ እኔ ጃንጥላዬን ልተው ነበር።» «ከዚራ እያለንም ውጭ ነው የምንተኛው። እዚህ ግን ልቀቁ የሚለን የለም።»

ሰኞ ስለ ቀብዱ ለመነጋገር ደላላውን የቀጠረችው ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ነው። እዚያው መኝታ ቤት አቁማ ተከራከረችው። ላቡ አገጩ ላይ ሲንጠባጠብ ባለቤቱ ጋ ደወለ፤ ዋጋው ወረደ። ሻርፔንም በዚያው አገኘሁት።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ደላላውን ስጠረጥር ውዬ... ለካ መጠርጠር የነበረብኝ እማዬን ነው! «ወራጅ አለ» ማለት የማፍረው ልጅ፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ፎቁ ሁሉ እያየኝ ልተኛ ነው።